ከፍ ብሎ የተሰቀለው ባልዲ

ቦራ የሚባለው ፈረስ ያኘከውን ድርቆሽ እንደማይውጠው መጀመሪያ ያየችው እሱን የምትጋልበው ልጅ እናት ናት። ጋጣውን ስትጠርግ፣ ከፋንድያው ራቅ ብሎ፣ ጭብጥ ጭብጥ የሚያህሉ እርጥብ የሣር ድብልብሎች ወድቀው አገኘች። በመንሿ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ከቆሻሻው ጋር ዝቆ በእጅ ጋሪ ይገፋው ነበር። እርሷ ግን ገና ስታየው አወቀችው፤ ቤቷም ያለው ይኸው ነው። ልጇ ምግቡን ጉንጯ ሥር ትወትፈውና ስታላምጥ ስታላምጥ ቆይታ፣ መዋጥ ሲያቅታት በምላሷ ገፍታ ደረቷ ላይ ትጥለዋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ እኮ አይበላም» አለች።

ጋሼ ያለቻቸው ጋጣውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ናቸው። የግቢው ሰው ሁሉ ባልደራስ ይላቸዋል። የፈረስ አዛዥነቱን ማዕረግ የሰጣቸው የለም፤ በቀልድ የተጀመረ ነው፤ ሲውል ሲያድር ግን እናታቸው ያወጡላቸው ስም ተረሳና ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

«ይበላል እንጂ! ግርግሙን ባዶ አድርጎት የለም እንዴ?»

«ያላምጣል እንጂ አይውጥም። ይኸው ይዩት።»

ባልደራስ አንዱን ድብልብል አንስተው በጣታቸው ፈረፈሩት። ከዚያ የቦራን ምላስ ወደ ጎን ይዘው መንጋጋውን ዳበሱ። «ኧረ ጉድ! ሙልጭ ብሎ አልቋል። እኔ እንኳ የሁለት መንጋጋ ባለቤት ነኝ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከአፋቸው አልራቀም። «ለዚህ ነዋ ጎድኑ የሚቆጠረው። እኔ ደግሞ ትል ነው ብዬ የትል መድኃኒት ስግተው።»

ግቢው ከጡብ ማምረቻው አጥር ጀርባ ነው። የሰፈር ሰዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት የፈረስ ግልቢያ ፕሮግራም ነው፤ የሚጋልቡትም እግራቸው እሺ የማይላቸው፣ አንገታቸው የማይጸናላቸው ልጆች ናቸው። ደንቡ አንድ ነው፤ ልጁን ፈረስ ላይ ያስቀመጠ ወላጅ መንሽ ይዞ ጋጣ ያጸዳል። አንዳንዱ ወላጅ አፍንጫውን ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ ያጸዳል። የልጅቷ እናት ግን ሥራውን ወደደችው። ጠርገውት የሚጠራ ነገር ማግኘት ራሱ ዕድል ነው ትል ነበር። በቤቷ ያለው ችግር ዛሬ ጠርገውት ነገ እዚያው ነው።

ፈረሶቹ ጥቂት ናቸው። ጉራቻ አለ፤ እንደ ስሙ ጥቁር፣ ያማረ፣ ነገር ግን የገዛ ጥላው የሚያስደነብረው። ዳማ አለች፤ ጀርባዋ እንደ ግንብ ጫፍ የቀጠነ ነው። አንዲት አህያም አለች፤ ፈረሶቹን ሁሉ በጆሮዋ እያዘዘች ስለምትውል እትዬ ብለው ሰየሟት። አንድ ዓይና ፍየል አለች። እንግዳና ቤተሰብ የማይለዩ ዝይዎች አሉ። ድመቶችም አሉ፤ ድመቶቹን የቆጠራቸው የለም።

ቦራ ደግሞ ከሁሉ ልዩ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ጀርባው ሰፊ ነው፤ እርምጃው እሽሩሩ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትናገርም፤ እግሮቿ ከጭኗ ጀምሮ እንደ መቀስ ተቆላልፈዋል። ጉራቻ ላይ ስትቀመጥ ትገተራለች። ዳማ ላይ ስትቀመጥ ታለቅሳለች። ቦራ ላይ ሲያስቀምጧት ግን፣ ባልደራስ ገመዱን ይዘው ሜዳውን አንዴ እንደዞሩ፣ ጭኖቿ ልክ ሙቀት እንደነካው ሰም ላላ ላላ ይላሉ። አንገቷ ቀና ይላል። በግልቢያው ቀን ማታ እናቷ ስታጥባት እግሯን ለመክፈት አትታገላትም፤ ሱሪ ስታለብሳት ጩኸት የለም። ይህን የማያውቅ ሰው ምንድን ነው ነገሩ ሊል ይችላል። የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጇን ሳያስለቅስ ማልበስ ለአንዲት እናት ከዚህ በላይ ምን አለ?

«ሻለቃ! እንደምን አደሩ?» ይላሉ ባልደራስ ልጅቷ በተሽከርካሪ ወንበሯ ስትመጣ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። «ፈረስዎ ተጭኗል። ጦሩ ትእዛዝዎን ይጠብቃል።» ጦሩ ዝይዎቹ ናቸው። ልጅቷ ትስቃለች።

የድርቆሹ ነገር በታወቀ ሰሞን የግልቢያው አሠልጣኝ የልጅቷን እናት ወደ ኮርቻው ክፍል ጠራቻት። አሠልጣኟ ደግ ሴት ናት፤ ክፉ ወሬ ስታወራ እጇ ሥራ አያጣም። ያን ቀንም ያልቆሸሸ ልጓም ትወለውል ነበር።

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር» አለች። «ዘንድሮ ድርቆሽ አይበቃም። ዝናቡ ሲያበቃ የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ፈረሶቹን ታያለች። ሥጋ የሌለው ፈረስ ልጅ አይሸከምም ብለዋል። ቦራን እናሳርፈዋለን ነው የሚሉት።»

«የት ነው የሚያሳርፉት?»

አሠልጣኟ ልጓሙን አገላብጣ ወለወለች።

«የት ነው የሚያርፈው ነው የምልሽ፣ እህቴ?»

«የሚወስዳቸው ነጋዴ አለ። በመኪና ይመጣል።»

«ወስዶስ?»

«እኔ አልጠየቅኩም። አንቺም አትጠይቂ።»

ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ ማለት ይሄ ነው ብላ አሰበች እናትየው። «ልጄስ? በምን ልትጋልብ ነው?»

«ጉራቻን እናለማምዳታለን።»

«ጉራቻን! ጉራቻ እኮ ዝይ ሲያስነጥስ የሚፈረጥጥ ፈረስ ነው!»

«ዝይ አያስነጥስም።»

«አሠልጣኝ፣ አትቀልጂብኝ። ቢወፍርስ? ሐኪሟ እስክትመጣ ሥጋ ቢያወጣ?»

«ከወፈረማ ማን ይነካዋል» አለች አሠልጣኟ፣ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየች። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ሞክሪ።»

እናትየው ሞከረች። መሞከር ለእርሷ አዲስ ነገር አልነበረም። ልጇን ሰው ያደረገቻት በማንኪያ ነው። ያደቀቀችውን፣ ያሸችውን፣ ያጠለለችውን ማንም አያውቅላትም። ልጅቷ ሕፃን ሳለች የበላችው ወደ ሳንባዋ ገብቶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ልትሞትባት ምንም አልቀራትም። ያን ጊዜ አንዲት ነርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አስተማረቻት። ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት። አገጯን ደገፍ አድርጊው። አንገቷን ደፍታ እንዳትውጥ፤ ከደፋች ያንቃታል። እናትየው ይህን ቃል እንደ ጸሎት ያዘችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ልጇ አንገቷን ደፍታ በልታ አታውቅም።

በማግስቱ ልጇን እየገፋች ማልዳ መጣች። ወንበሩን ከጋጣው በር ፊት አቆመች። ባልደራስ ውሃ አፈሉላት። ፉርሽካውን ከተፈጨ ገብስ ጋር በባልዲ ዘፈዘፈችው፤ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ጓል እንዳይኖርበት በእጇ አሸችው፤ ቀምሳም አየችው።

«ጨው አንሶታል?» አሉ ባልደራስ።

«ዝም ይበሉ እስቲ።»

«አይ፣ ለእኔም የሚተርፍ እንደሆነ ብዬ ነው። እኔም ጥርስ የለኝ።»

ባልዲውን መሬት ላይ ሊያስቀምጡላት ጎንበስ ሲሉ ከእጃቸው ተቀበለቻቸው። «እንዲህ አይደለም» አለች። ግድግዳው ላይ ልጓም የሚሰቀልበት ትልቅ ሚስማር አለ፤ ባልዲውን እዚያ ሰቀለችው፤ የቦራ አፍ ቀና ሲል ብቻ የሚደርስበት ቦታ ነው። ከዚያም ትከሻዋን ከአገጩ ሥር አስገብታ ደገፈችው። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ቀና በል። ቀስ። ቀስ ብለህ ዋጥ።»

ቦራ ዋጠ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ በትከሻዋ ላይ ተሰማት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ባልደራስ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። እትዬ ከወዲያኛው ጋጣ አንገቷን አስግጋ፣ ለእኔስ በሚል ጩኸት ግቢውን አናጋችው።

«አንቺ ጥርስ አለሽ!» አሏት ባልደራስ። «ጥርስ ያለው ይቀናል እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እናትየው መጣች። ማታ ማታ ባልደራስ እርሷ እንዳሳየቻቸው አድርገው አበሉት፤ ባልዲውን ሰቅለው፣ አገጩን ደግፈው። ድርቆሹም በቢላዋ ተከታትፎ ከላይ ይነሰነስ ጀመር። ጎድኑ ተሸፈነ። ወገቡ ሞላ። የደበዘዘው ጠጉሩ አብረቀረቀ። አሠልጣኟ በዳሌው ላይ እጇን አሳርፋ ሳቀችና ልጅቷን በተራዋ ቀን አስቀመጠቻት፤ ልጅቷም በቦራ ጀርባ ላይ ጋማውን ጨምድዳ፣ ምራቋን እያዝረበረበች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ዞረች። እናትየው በሜዳው ጠርዝ ቆማ ታያታለች። ልቧ ግን አያርፍም፤ ደስታ ሲመጣ ከኋላው ማን እንዳለ አጮልቃ የምታይ ሴት ናት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ሳሉ የጀመረው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው።

በልቶ ሲጨርስ አንዴ፣ ሁለቴ ያስል ጀመር። ቀላል ሳል ነው። ባልደራስ አቧራ ነው አሉ፤ ድርቆሹን ውሃ እረጩበት። እናትየው ግን አልተኛችም። ሳል ታውቃለች። ለእርሷ ከምግብ በኋላ የሚመጣ ሳል ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ በደንብ ቀና አላደረግሽውም ማለት ነው። በማግስቱ መዶሻ አስመጣችና ሚስማሩን ነቅላ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋ መታችው።

«አልበዛም?» አሉ ባልደራስ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉልኝ። ልጄን ያዳንኩት እንዲህ ነው።»

ባልደራስ ሌላ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ፈረሱ ሲበላ አዩና ዘጉት። ቦራ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ ከባልዲው ይጠጣ ነበር። አበላሉ ያሳዝናል። ግን ይበላል። ሳሉም ጠና። እርሷም ትከሻዋን ይበልጥ ወደ ላይ ገፋች።

ሐኪሟ የመጣችው ፀሐይ በወጣበት ቀን ነው። ወጣት ናት፤ ቦት ጫማዋ ከፊቷ ይልቅ ያረጀ ነው። ጉራቻን አየች፣ ዳማን አየች፣ እትዬንም ካልታየሁ ብላ ስላስቸገረች አየቻት። ከዚያ ቦራ ጋ ደረሰች። ቆመች።

«ከስቷል የተባለው ይሄ ነው?» አለች ወደ አሠልጣኟ ዞራ። «ይሄማ ድግስ ላይ የከረመ ነው የሚመስለው።»

ባልደራስ ኮራ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሠልጣኟ የእናትየውን እጅ ያዘች። እናትየው በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደቂቃ ብዙ አላየችም፤ ልጇን ከወንበሯ ላይ አንስታ ብታቅፋት ደስ ባላት ነበር።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከፈረሱ ጎን ላይ አኖረች። ቦታ ቀየረች። ወደ ሌላኛው ጎን ዞረችና እዚያም አዳመጠች። አፍንጫውን ገለጥ አድርጋ ስታየው የገብስ ቅንጣት የተቀላቀለበት ወፍራም አረንጓዴ ፈሳሽ በጣቷ ላይ ወረደ። አሸተተችው። ሽታው እናትየው የቆመችበት ድረስ መጣ፤ የሞተ ነገር ሽታ ነው።

«ሲበላ ያስላል?»

«ትንሽ» አለች እናትየው ፈጥና። «ትንሽ ነው፣ ዶክተር። አሁን ቀና እያደረግኩት ነው።»

«ቀና ማለት?»

«ይምጡ ላሳይዎት።»

አሳየቻት። ባዶውን ባልዲ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ ትከሻዋን ከአገጩ ሥር አስገባች፤ ቦራም ልማዱ ነውና አንገቱን ዘረጋላት። ጎበዝ ተማሪ በሰሌዳ ፊት እንደሚቆም ቆማ ሐኪሟን አየቻት። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው።

«ማነው እንዲህ አድርጉ ያለዎት?»

«ማንም። ከልጄ ነው የተማርኩት።»

ሐኪሟ ወደ በሩ ዞረች፤ ልጅቷን አየቻት፤ ወንበሩን፣ የአንገት መደገፊያውን፣ ደረቷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየች። ድምጿ ዝቅ አለ።

«እናቴ፣ ለልጅዎ ትክክል ነዎት። ፈረስ ግን ሌላ ነው። ፈረስ ከመሬት ነው የሚበላው። አንገቱን ሲደፋ፣ መንገድ የሳተው ምግብ በአፍንጫው ተመልሶ ይወርዳል። አንገቱ ወደ ላይ ከሆነ መመለሻ የለውም፤ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ሳንባው ላይ ብዙ ገብቷል። በስብሷል።»

«መድኃኒት የለውም?»

«እሞክራለሁ።»

ያን ቃል እናትየው ሆስፒታል ውስጥ ሰምታው ታውቃለች። እንዴት እንደሚባልም ታውቃለች፤ ዓይን ሌላ ቦታ እያየ ነው የሚባለው።

ሐኪሟ ሞከረች። መርፌው አንገቱን አሳበጠው። ባልዲው መሬት ላይ ወረደ፤ ቦራም አንገቱን ደፍቶ ቆመበት፤ ግን ከዚያ በኋላ የበላው የሚነገር አይደለም። ትኩሳቱ ከሩቅ ይሰማል። ያ ሁሉ ሥጋ እንደመጣ ሄደ። እናትየው ልጇን እየገፋች መምጣቷን አልተወችም። ከፊቱ ተንበርክካ በመዳፏ ታቀርብለታለች፤ እርሱ መዳፏን በትኩስ ትንፋሹ ያሸታትና ፊቱን ያዞራል። ሲቆም አራት እግሩን እንደ ጠረጴዛ ለያይቶ ነው፤ መተኛትም አይችልም፤ ቢተኛ ያፍነዋል።

በመጨረሻው ጠዋት ሐኪሟ ሌላ መርፌ ይዛ መጣች። ከጋጣው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰዱት። ባልደራስ እናትየውን «አትምጪ» አሏት፤ አልሄደችም። ከጋጣው ግንብ ወዲህ ሆና የልጇን እጅ ይዛ ቆመች። የወደቀበት ድምፅ ከባድ ነበር። ልጅቷ ወደ ድምፁ ለመዞር ታገለች፤ አንገቷ አልታዘዛትም።

ባልደራስ ሲመለሱ ገመዱን ጠቅልለው ይዘው ነበር። የት እንደሚያኖሩት ጠፋቸው። እናትየው አጠገብ ድርቆሽ ላይ ተቀመጡ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ከመሬት ሲበላ ነው ያየሁት» አሉ። «ባልዲውን ስትሰቅዪው፣ ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም አልኩ በሆዴ። ግን በላ። ሲበላልኝ ደስ አለኝ። አፌን ያዝኩ።»

«እርስዎ አፍዎን ነው የያዙት፣ ጋሼ። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«መካፈል ቢቻል ብዬ ነው እንጂ።»

«አይቻልም።»

ባልደራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይዞሽ አላሏትም። ካደረጉላት ሁሉ በልቧ ያመሰገነቻቸው ለዚህ ነው።

በተከታዩ የግልቢያ ቀን አሠልጣኟ ልጅቷን ጉራቻ ላይ ለማስቀመጥ ሞከረች። ጉራቻን አስቀድመው አደከሙት፤ ጆሮውን በጨርቅ ደፈኑት፤ ባልደራስ ከፊት ያዙ፤ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ቆመ። ልጅቷን ብድግ አድርገው ሲያስቀምጧት እግሮቿ አልተከፈቱም። ኮርቻው ላይ እንደ ሳንቃ ተጋደመች። ሳቋን የሚያውቁት ሰዎች ጩኸቷን ያን ቀን አወቁ። ጉራቻ ዓይኑን አፍጥጦ መሬቱን ይጎደፍር ጀመር። አወረዷት።

አሠልጣኟ የልጅቷን ልብስ እያስተካከለች፣ ከዚያም የወንበሯን ማሰሪያ እያስተካከለች ቆየች። ማሰሪያው የተስተካከለ ነበር።

«ሌላ ፈረስ እስኪገኝ…» አለች።

«መቼ ይገኛል?»

«ኮሚቴው…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ቀና አላለችም። «ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ እህቴ። ጉራቻን የሚችሉ። ቦታውን ባዶ አድርጌ ማቆየት አልችልም።»

«ገብቶኛል።»

«መጥተሽ እንስሳቱን ማየት ትችያለሽ። ሁልጊዜ።»

እናትየው መንሹን ፈልጋ ተራዋን ጠረገች፤ ደንብ ደንብ ነው። የጠረገችው ጋጣ የዳማ ነው። የቦራ ጋጣ የድርቆሽ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር፤ በሩ ድረስ ሞልቷል። ቦራን ማሳረፍ ያስፈለገው በድርቆሽ እጥረት አልነበረም ወይ ብላ የምትጠይቀው ሰው አላገኘችም፤ ብታገኝም ለመጠየቅ አፍ አልነበራትም።

ማታ ልጇን ስታጥባት እግሮቿ አልተከፈቱም። ሙቅ ውሃ አፈሰሰችባቸው፤ በቅባት አሸቻቸው፤ እሽሩሩ አለቻት። በመጨረሻ በጉልበት ከፈተቻቸው፤ ልጅቷም አለቀሰች፤ እናትየውም ያን ሱሪ አለበሰቻት፤ ማልበስ አለባትና።

የግልቢያው ቀን በሳምንቱ ዞሮ መጣ። ልጅቷ ቀን አትቆጥርም፤ ግን በምን እንደሆነ እንጃ ይታወቃታል፤ ከማለዳው ጀምሮ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። እናትየው ዛሬ የለም ብትላት እንዴት ብላ ታስረዳታለች? ሞቷል የሚለውን ቃል ልጅቷ ታውቀው አታውቀው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተረዳችም። ልብሷን አለበሰቻት። ወንበሩ ላይ አሰረቻት። ወጡ። መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ሰዎች ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር።

ወደ ጡብ ማምረቻው የሚታጠፍበት ጥግ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ መላ ሰውነቷን ወደ ቀኝ ጣለች፤ እናቷን በመታጠፉ የምታግዛት ይመስል።

እናትየው አልታጠፈችም። በቀጥታ ገፋች፤ በልብስ ሰፊዎቹ በር፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል፣ የት እንደምትሄድ ሳታውቅ። ልጅቷ ለብዙ መንገድ ወደ ቀኝ እንደተጋደመች ቆየች። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰውነቷ ወደ መሐል ተመለሰ፤ እግሮቿም ተቆላለፉ።